ፕሪንተሩ የማን ነው?

ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ፈቀቅ ብዬ ስለ ፕሪንተር ልጽፍ ነው። «አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ አንተ ስለ ፕሪንተር?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ልጅ መጫወቻ ነው፤ የሚያርፈው ግን በእድራችን መዝገብ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን ፋይልና በውጭ ምንዛሪያችን ላይ ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት ከጎረቤት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒውተር ለልጁ ገዛለት። የዛሬ ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ይሠራል። ስሙ ላይ ያለው 64 የማስታወሻው መጠን ነው፤ 64 ኪሎባይት። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ዕቃውን ከፍቶ ሲያበራው ሰማያዊ ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት ብቻ ጠበቀችው። ማስታወቂያ የለ፣ አካውንት ክፈት የለ። ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በራሱ ጊዜ ተማረና የፈረንጁን ቀን ወደ ሐበሻ ቀን የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያም የዓመቱን በዓላት በሁለቱም አቆጣጠር እንዲዘረዝር አደረገው። ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ስለማያውቅ የበዓላቱን ስም በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። ቢሆንም ኮራበት። «አትሜ አዲስ አበባ ላለችው አያቴ ልላክላት» አለ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቤታቸው ውስጥ ገና ዓመት ያልሞላው ፕሪንተር አለ። ገመድ አልባ ነው፣ ስካን ያደርጋል፣ ከስልክ ላይ ፎቶ ያትማል። አባትና ልጅ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ታገሉ። ከዚያ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብዬ እኔም በቪዲዮ ጥሪ ገባሁበት። አንዲት ገጽ ለማተም ያየነው አበሳ ግን ብዙ አስተማረኝ።

ለምን እንደማይገናኙ በቀላሉ ላስረዳ። በሁለቱ መሃል ሦስት ግድግዳዎች አሉ።

የመጀመሪያው የመሰኪያው ነው። ኮሞዶር ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገረው የራሱ በሆነ ክብ፣ ባለ 6 እግር መሰኪያ ነው። የዘንድሮው ፕሪንተር ያለው ዩኤስቢና ዋይፋይ ነው። ዩኤስቢ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ኮሞዶርን ያመረተው ኩባንያ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1994 ከስሯል። አልተያዩም። በዚያ ላይ በዩኤስቢ ሕግ ፕሪንተር ዝም ብሎ ጠባቂ ነው፤ ወሬውን የሚጀምረውና የሚመራው ኮምፒውተሩ መሆን አለበት። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ያንን ወግ አልተማረም። ስለዚህ መሰኪያ የሚቀይር ገመድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው የፊደል ግድግዳ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። አብዛኛው ዓለም አስኪ የሚባለውን የቁጥር ሰንጠረዥ ሲከተል ኮሞዶር የራሱን ሰንጠረዥ ተጠቀመ። የእሱን ጽሑፍ እንዳለ ለሌላ ፕሪንተር ብትልኩት ትልቁ የላቲን ፊደል ትንሽ፣ ትንሹም ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ሌላም አለ። መስመር ሲያልቅ ኮሞዶር «ወደ መስመሩ መነሻ ተመለስ» ብቻ ይላል፤ ብዙ ፕሪንተሮች ግን «ወረቀቱንም አንድ መስመር ግፋ» የሚል ሁለተኛ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ያ ካልመጣ መስመሮቹ እላይ በላይ ይታተሙና አንድ ጥቁር መስመር ይሆናሉ። የድሮ ፕሪንተሮች ለዚህ ብለው በጀርባቸው ትንሽ ማብሪያ ነበራቸው። ጫን ስታደርጓት ነገሩ ይስተካከላል።

ሦስተኛው የቋንቋ ግድግዳ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ነው።

የድሮ ፕሪንተር በውስጡ ፊደል ያውቅ ነበር። «ሀ» ብላችሁ ብትልኩለት (የሚያውቀው ላቲን ብቻ ቢሆንም) ራሱ ቅርጹን ከሆዱ አውጥቶ ወረቀት ላይ ያኖረዋል። ደመቅ አድርግ፣ አስምር፣ ገጽ ቀይር የሚሉትን ትእዛዞች ከፕሪንተሩ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር በቁጥር ታገኟቸዋላችሁ። ኤፕሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያወጣቸው የትእዛዝ ኮዶች በመመሪያ መጽሐፎቹ ላይ ከነምሳሌው ታትመው ስለነበር ሌሎች አምራቾችም ተከተሏቸው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 ሌዘርጄትን ሲያወጣ አብሮት የመጣው የትእዛዝ ቋንቋም እንዲሁ የብዙዎች የጋራ መግባቢያ ሆነ። ኮሞዶርማ የባሰ ነው። ለፕሮግራመሮች ባሳተመው መጽሐፍ ጀርባ ላይ የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ሥዕል ሳይቀር አያይዞ ሸጧል። «ገዝተኸዋል፣ ያንተ ነው፣ ሆዱን እየው» እንደማለት ነው።

ኋላ ላይ የመጡት ርካሽ የቤት ፕሪንተሮች ግን ፊደል አያውቁም። አእምሯቸው ከሆዳቸው ወጥቶ ድራይቨር ወደሚባል ሶፍትዌር ተዛውሯል። ኮምፒውተሩ ገጹን ወደ ነጥቦች ቀይሮ፣ አምራቹ ብቻ በሚያውቀው ቋንቋ ጠቅልሎ ይልክላቸዋል። ይህ የማምረቻ ዋጋን ቀንሷል፤ እውነት ነው። ግን ያ ድራይቨር ለአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም ኩባንያው «ከዚህ በኋላ አላድሰውም» ካለ፣ በደህና የሚሠራ ዕቃ ወደ ፕላስቲክ ክምርነት ይለወጣል።

እንግዲህ አስተውሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግድግዳዎች ዘመን ሠራቸው። ሦስተኛውን የሠራው የሰው ውሳኔ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። መፍትሔው አስተርጓሚ መሃል ማስገባት ሆነ። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር አለች። ኮሞዶሩ በጀርባው በኩል በተከታታይ መስመር ጽሑፉን ይልክላታል፤ ፍጥነቱ 300 ባውድ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ። እሷ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ታስተካክላለች፣ የጎደለውን የመስመር ትእዛዝ ትጨምራለች፣ ገጹን ታዘጋጅና በዋይፋይ ለፕሪንተሩ ትልካለች። አዳዲስ ፕሪንተሮች ደግነቱ ከስልክ ለማተም ሲባል ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ማተሚያ ደንብ ወደ መቀበል ተመልሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተሰካካ። አንድ ገጽ ለመላክ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ልጁ እየዘለለ ነበር።

ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሳብ አደረገና ቆመ። ትንሿ ስክሪኑ ላይ «ያልተፈቀደ ካርትሬጅ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አባትየው ባለፈው ወር ቀለሙን በርካሽ አስሞልቶት ነበር።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። የ40 ዓመቱ አዛውንት ለመተባበር ዝግጁ ነበር። እምቢ ያለው ጎረምሳው ነው። እምቢ ያለውም ስላልቻለ አይደለም። ቀለም አለው፣ ወረቀት አለው፣ ገጹም ደርሶታል። አልፈቀድም ነው ያለው። ለማን? ገንዘቡን ከፍሎ ለገዛው ሰው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በኋላ አባትየው መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ያወጣውን አሮጌ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር አመጣ። ያኛው የጋራውን ቋንቋ የሚያውቅ ስለነበር ተራ ጽሑፍ በኔትወርክ ሲላክለት ያለ ምንም ድራይቨር አተመው። አያትየው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።

ይህ አዲስ ጠብ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለውን ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች ነው። የእሱም ነገር የጀመረው ከፕሪንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ይሠራበት ወደነበረው የኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ሰጠ። ፕሪንተሩ ወረቀት እየነከሰ ይቆማል፤ ማንም ሳያውቅ ሥራ ይከማቻል። ስቶልማን ቀድሞ በነበራቸው ፕሪንተር ላይ «ወረቀት ተነክሷል» ብሎ ለተጠቃሚዎች የሚናገር ማሻሻያ ራሱ ሠርቶለት ነበር። ለአዲሱም ሊሠራ ሲል የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ማግኘት አልቻለም። ኮዱ አለው የተባለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪን ሲጠይቅ «ላለመስጠት ፈርሜያለሁ» ተባለ። በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ዛሬ ባንኮቻችንና ቴሌኮሙ የሚጠቀሙባቸው ሰርቨሮች፣ በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክም ጭምር ከዚያ ጅረት የጠጡ ናቸው። ሥሩን ስትቆፍሩ አንዲት የተነከሰች ወረቀት ታገኛላችሁ።

በፍርድ ቤትም ታይቷል። ሌክስማርክ የተባለው አምራች ካርትሬጁን በቅናሽ ሲሸጥ «አንዴ ተጠቅመህ ለእኔ መልስ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥ ነበር። ባዶውን ሞልተው የሚሸጡትን በፓተንት ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ዕቃው ከተሸጠ በኋላ የሻጩ የፓተንት መብት እዚያው ያበቃል ሲል ወሰነ። ፍርዱ ግልጽ ነበር። ግን ቺፑን አላነሳውም። ሕጉ «ያንተ ነው» ይላል፣ ቺፑ «አይደለም» ይላል፤ ማታ ልጅህ የቤት ሥራውን ሊያትም ሲል የሚያሸንፈው ቺፑ ነው።

«ታዲያ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? የአሜሪካ ልጅ መጫወቻ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

የእኛ ሰፈር እድር በ1980ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) አንድ የአባል ልጅ በሠራለት የዶስ ፕሮግራም የአባላቱን መዋጮ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ኮምፒውተሩ ከአንድ ድርጅት በእርዳታ የተገኘ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማንም አይነካውም፤ ሥራው ወደ ደብተር ተመልሷል። አምና አንድ አባት አረፉ። ባለቤታቸው የእድሩን ገንዘብ ሲጠይቁ አዲሱ ጸሐፊ ደብተሩን አይቶ «አባልነታቸው ከ2006 በፊት አይታይም» አለ። እሳቸው ደግሞ «እድሩ ሲቋቋም ጀምሮ እንከፍላለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን መዝገብ አምጡ ተባለ። መዝገቡ ያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩን አስነሳነው። ተነሳ። ፍሎፒ ማንበቢያው ሞቷል። ዩኤስቢ የለውም። ኔትወርክ የለውም። ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ሌላ ላይ ብናነበውም ፋይሎቹ ያ ልጅ ብቻ በሚያውቀው አሠራር የተቀመጡ ናቸው። ልጁ ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ፕሮግራሙ ግን ይሠራል፤ ከዝርዝሮቹ መጨረሻ ላይ «አትም» የሚል ትእዛዝ አለው። ከጀርባው ደግሞ ያ ሰፊው የፕሪንተር መሰኪያ አለ።

ያኔ የሜሪላንዱ ነገር ትዝ አለኝ። ለካ ፕሪንተር መሰኪያ የአሮጌ ኮምፒውተር የመጨረሻ መውጫ በር ነው! ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ እሱ ክፍት ነው። ምክንያቱም ሴንትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፕሪንተሩ ጋር ያስተዋወቀው ያ መሰኪያ አሠራሩ ቀላልና የታወቀ ነው። 8 ገመዶች አንድ ፊደል ይሸከማሉ፣ አንዱ ገመድ «ተቀበል» ይላል፣ ሌላው «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ፕሪንተር መስሎ የሚቀበልና የመጣለትን ሁሉ ፋይል አድርጎ የሚያስቀምጥ ካርድ መሥራት ይቻላል፤ ተሠርቶም ይሸጣል። ከአሜሪካ በሰው እጅ አስመጣነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን ትንሽ ልናገር። ያ ኮምፒውተር አማርኛ እንዴት ያትም ነበር? የዚያ ዘመን የፊደል ሰንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። የእኛ መሠረታዊው ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቻችንንና ነጥቦቻችንን ስትጨምሩ ከ256 ይዘላል፤ የላቲኑ ፊደልም ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በዘመኑ አማርኛን የሚጽፉ ፕሮግራሞች ፕሪንተሩን «ፊደል አትም» ከማለት ይልቅ «ሥዕል ሣል» እያሉ እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ ያስወጡት ነበር። የሥዕሉን ትእዛዝ ፕሪንተሩ ስለሚያውቅ፣ ትእዛዙም ክፍት ስለነበር ተቻለ። ማንም ፈቃድ አልተጠየቀም። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ሰንጠረዥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ እስካሁን የሚያስቸግረን ይሄው ነው።

ስለዚህ ካርዳችን የያዘው ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነበር። ግን ሥዕሉ ይነበባል! የ16 ዓመት መዋጮ፣ ስም በስም፣ ወር በወር። የሰፈሩ ልጆች በዩኒኮድ ገልብጠው ጻፉት። የሟቹ ስም ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ከላይ አራተኛው ነበር። ባለቤታቸው ገንዘባቸውን አገኙ። ከገንዘቡ በላይ ግን «ዋሽተሻል» ከሚለው ነገር ዳኑ።

አሁን አስቡት። ያ ኮምፒውተር የተሠራው በዛሬው ልማድ ቢሆን ኖሮስ? ማተሚያ መሰኪያው የአምራቹን ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ፈቃዱም ከኢንተርኔት ላይ የሚመጣ፣ ኩባንያው ደግሞ ድሮ የተዘጋ ቢሆን? መዝገቡ እዚያው ይቀበር ነበር። ይህ ሟርት አይደለም። ጉግል የኢንተርኔት ማተሚያ አገልግሎቱን በ2020 መጨረሻ ሲዘጋ በእሱ በኩል ብቻ ያትሙ የነበሩ ሰዎች በማግሥቱ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ማይክሮሶፍትም በ2023 የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨሮች በዊንዶውስ ማዘመኛው በኩል ማከፋፈሉን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። ለዚህ የሰጠው ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ ነገሩን ወደ ጋራው ደንብ ለመውሰድ ነው። ግን የጋራውን ደንብ የማያውቅ ፕሪንተር የገዛ መሥሪያ ቤት የወደፊት ዕጣው ምን እንደሆነ ገምቱ።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቶነር ዋጋ ምን እንደደረሰ ከፍርድ ቤት ደጅ የሚጽፉትን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸውን ጠይቋቸው። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የሚያቆዩት ቶነር እያስሞሉ ነው። ቶነር ሞይው፣ ሮለር ቀያሪው፣ ቺፕ ለዋጩ በየከተማው እንጀራ የሚበላ ባለሙያ ነው። አንድ አምራች ከውጭ ሆኖ በማዘመኛ ስም አንዲት መስመር ሲቀይር የዚህ ሁሉ ሰው እጅ ይታሰራል። እኛም በጠባቧ የውጭ ምንዛሪ አዲስ ካርትሬጅ እናስመጣለን።

በአንጻሩ ባንክ ሄዳችሁ የቁጠባ ደብተራችሁን ስትሰጡ ያ «ዝርርርር» የሚል ፕሪንተር አለ አይደል? ዶት ማትሪክስ ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ ዛሬም አዲስ እየተመረተ ይሸጣል፤ ካርቦን ያለበትን ደረሰኝ ለማተም ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው። አንዳንዶቹ ሞዴሎች እስካሁን ያንን የድሮ መሰኪያ ይዘው፣ ያንኑ የድሮ ቋንቋ እየሰሙ ይወጣሉ። ሪባኑ የጨርቅ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ክፍት ዕቃ መሥራት አይቻልም የሚለኝን አላምነውም። ሲፈለግ ይሠራል።

የሌላውን ወገን ክርክርም በሐቅ እንስማው።

አንደኛ፣ «ክፍት ፕሪንተር ለአደጋ የተጋለጠ ነው» ይላሉ። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው ወደነበሩ 50 ሺህ ያህል ፕሪንተሮች ስለሚወደው ዩቲዩበር ቅስቀሳ ልኮ ማሳተሙን ተናግሯል። ወረቀቱ የወጣላቸው ሰዎችም ብዙ ነበሩ። ነገር ግን በሩ ክፍት ነው ብሎ ቁልፉን መግጠም አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን ገጥሞ ለባለቤቱ አለመስጠት ሌላ ነገር ነው። እኔ የምለው ቁልፉ ይኑር፣ ግን በባለቤቱ ኪስ ይሁን ነው።

ሁለተኛ፣ «ፕሪንተሩ የረከሰው ትርፉ ከቀለሙ ስለሚገኝ ነው» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ሲሸጡ ይንገሩን። ሁለት ዋጋ ይጻፍ፤ አንዱ ለነጻው፣ አንዱ ለታሰረው። ገዢው አውቆ ይምረጥ። በርካሽ ሸጦ በኋላ ማሰር ግን ሰውን እያታለሉ መነገድ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከእኛው ሰው የሚመጣ ነው። «አሮጌ ዕቃ ጣልና አዲስ ግዛ፤ ምን ያደርቅሃል?» ይላል። ይህን የሚለው ሰው በኪሱ የሚተማመን ነው። አገራችን ግን በእርዳታና በሁለተኛ እጅ ዕቃ የምትሠራ አገር ናት። የሌላ አገር አሮጌ በሆነ ኮምፒውተር የሚሠሩ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች አሉ። አሮጌን ከአዲስ ጋር ማገናኘት ለፈረንጁ የእሁድ ከሰዓት ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የዕለት ኑሮ ነው። የሚጣለው ዕቃ ውስጥ ያለው ደግሞ የራሳችን ስም፣ የመሬታችን ካርታ፣ የልጃችን ውጤት ነው።

ምን ይደረግ? ትልቅ ፖሊሲ እስኪወጣ አልጠብቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ እድርም ፕሪንተር ሲገዛ በጨረታው ወይም በደረሰኙ ላይ አራት ጥያቄ ይጠይቅ።

1. ያለ አምራቹ ድራይቨር፣ በጋራው ደንብ ያትማል ወይ?

2. ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት ይሠራል ወይ?

3. የተሞላ ወይም የሌላ አምራች ካርትሬጅ ይቀበላል ወይ? ዛሬ ብቻ ሳይሆን ከተዘመነ በኋላም?

4. የሚግባባበት ቋንቋ ታትሞ የወጣ ነው ወይስ ምስጢር?

ለአራቱም «አዎ፣ ክፍት ነው» የሚል ዕቃ በገበያው አለ። ትንሽ ይወደድ ይሆናል። በ3 ዓመት ከሚጣል ርካሽ ግን ይሻላል። ነጋዴው የሚያመጣው የሚጠየቀውን ነው፤ እስካሁን የጠየቀው ስለሌለ ነው የማያመጣው።

ሁለተኛው ምክሬ ለእናንተ ነው። በየቢሯችሁ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ የዶስ ዘመን ኮምፒውተር ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ አስነሱት። ውስጡ ምን መዝገብ እንዳለ እዩ። ከጀርባው ያ ሰፊ መሰኪያ ካለ መውጫ በር አለው ማለት ነው። በሩ ለዘላለም አይቆይም፤ የኃይል ሳጥኑ ይነዳል፣ ዲስኩ ይቆማል። ዛሬ በአንዲት ትንሽ ካርድ የሚወጣው ነገ በወርቅም አይወጣም።

የአክስቴ ልጅ ልጅ አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያንኑ የበዓላት ዝርዝር በፊደላችን ለማተም ነጥብ በነጥብ «መ»ን እየሣለ ነው። 64 ኪሎባይት ውስጥ። «እስከ ስንት ደረስክ?» ስለው «እስከ ሠ» አለኝ። አያቱ የሚቀጥለውን ወረቀት እየጠበቁ ነው። ኮምፒውተሩ አልከለከለውም።

በእናንተ መሥሪያ ቤት ወይም እድር እንዲህ ያለ የታሰረ መዝገብ አለ? በሐሳብ መስጫው ላይ ጻፉልኝ።

ቸር እንሰንብት።